ንግሥቲቱ በሰሊጥ አረም መሐል

ዘጠነኛ ክፍል ጨርሼ ክረምቱ ሲገባ የትምህርት ቤታችን የድራማ ክበብ አንድ ሐሙስ ቀርቶት ነበር። በዚያ ዓመት በከተማችን በገንዳ ውሃ ያሳየነውን ቲያትር ሰው ከመሐሉ እየተነሣ ጥሎን ወጥቷል። ርዕሰ መምህራችን፣ ቤተሰባቸውን ደብረ ማርቆስ ትተው ለብቻቸው የሚኖሩ ኮስታራ ሰው፣ ከፊት ወንበር ሆነው ያን ሁሉ አይተዋል። ለአማርኛ መምህራችን ቁርጡን ነገሯቸው። የሚቀጥለውንም ሰው ጥሎ ከወጣ ክበቡ ይዘጋል፤ ደግሞም አጭር ይሁን፣ ሕዝቡ ይሰለቻል።

እኔ ክበቡ ከተዘጋ ምን እንደምሆን አላውቅም ነበር። ስናደድ አፌ ይቀድመኛል፤ ቤትም ሰፈርም «አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ያዢ» እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ስናገር ሰው ዝም ብሎ የሚሰማኝ መድረክ ላይ ብቻ ነበር። ለሌላው ጨዋታ ይሁን እንጂ ለእኔ የሞት ሽረት ጉዳይ ነበር።

መምህሩ ታዲያ አጭርና የሚያስቅ ነገር በመፈለግ ፈንታ ምን ቢያመጡ ጥሩ ነው? ባሕር ማዶ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ተጽፎ በድሮ አማርኛ የተተረጎመ የሐዘን ተውኔት። አንዲት ንግሥት የሐሰት ምስክር ሰምታ ወንድሟን ወደ ግዞት ትልከዋለች፤ እውነቱን ስትደርስበት እሱ በሰው አገር ሞቷል። ንግሥቲቱን አንቺ ትጫወቻለሽ አሉኝ። ደስታዬ የቆየው እስከ ሁለተኛው ገጽ ነው። ጽልመት፣ እኩይ፣ ተድላ፣ ምንዳቤ… ሴትዮዋ አፏን በከፈተች ቁጥር የማላውቀው ቃል ይወጣል። መምህሩ ፍቺውን በየጠርዙ በእርሳስ ጻፉልኝና፣ የምትናገረውን የማታውቅ ንግሥት ማንንም አታስለቅስም ብለው ለክረምቱ አሰናበቱኝ።

ክረምት ለእኛ ሽንፋ የሚባል የእርሻ አገር መውረድ ነው። እናቴ እዚያ አንድ የሰሊጥ እርሻ ካምፕ ውስጥ ለሳሉጎች ወጥ ትሠራ ነበር። ሳሉግ የምንላቸው ከጎጃምና ከወሎ ለአረምና ለአጨዳ ወደ ቆላው የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች ነው። እኔ ውሃ አመላልሳለሁ፤ ሥራ ሲበዛ ከእነሱ ጋር ተሰልፌ አርማለሁ። ፋታ ሳገኝ ከሣር ዳሱ፣ ከራኩባው ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ አነባለሁ። ቃሉን እይዘዋለሁ፤ ገጹን ስገልጥ ይጠፋኛል። በዚያ ሙቀት መናደድ እንኳ ይደክማል።

ከሳሉጎቹ ጋር አንድ የጎጃም ሽማግሌ ነበሩ፤ አረም ላይ ዘፈን የሚያወርዱት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ሲያዩኝ ቆዩና ምን ሆነሽ ነው አሉኝ። ነገርኳቸው።

«እንዲህ ለብቻሽ ብታጉረመርሚ ምን ይረባሻል?» አሉ። «ነይ ከሰልፉ ግቢና አውርጂው። እኛ እንቀበልሻለን።»

አረም የሚታረመው ጎን ለጎን ተሰልፎ፣ አጎንብሶ ነው። አንዱ አውራጅ ዜማውን ይጥላል፣ ሌላው ሁሉ በአንድ ድምፅ ይቀበላል፤ ተቀባይ ሲኖር የወገቡ ሕመም ይረሳል። በማግሥቱ እኔም ከመሐላቸው ገባሁ። «ጽልመት» ስል «ጨለማ» አሉ። «እኩይ» ስል «ክፉ»። «ተድላ» ስል «ደስታ»። መጀመሪያ አፍሬ ነበር፤ ምሳ ሳይደርስ ሐፍረቴን የት እንደጣልኩት እንጃ። አንድ የወሎ ጎረምሳ «ምንዳቤ» በመጣ ቁጥር «መከራ» እያለ ትከሻውን ይሰብቃል። እናቴ ከምድጃዋ ሆና ልጄን አሳበዱብኝ ትላለች፣ ግን እሷም ትቀበላለች።

ያስቸገረችን «ግዞት» ነበረች። መምህሩ የጻፉላት ፍቺ፣ በፍርድ ከአገር ተነጥሎ በማይወዱት ስፍራ ተጠብቆ መኖር የሚል ረጅም ነገር ነው፤ በዜማ አይገባም። ሽማግሌው ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉና አስደገሙኝ። ትንሽ አሰቡ።

«ከቤት መራቅ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያቺ ቃል ስትመጣ የሁሉም ድምፅ ይወፍር ነበር። ማናቸውም አላብራሩልኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ክረምቱ ሲያልቅ ከንግሥቲቱ አፍ የሚወጣ የማላውቀው ቃል አልቀረም።

ቲያትሩ ለኅዳር፣ ለአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተቆረጠ። ሰሊጡ ታጭዶ ተራግፎ ሳሉጎቹ ወደ አገራቸው የሚመለሱበት ሰሞን ነበር። እናቴ ነግራቸው ኖሮ፣ የሚጫኑበት አይሱዙ ከገንዳ ውሃ እስኪነሣ ድረስ ብለው አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው መጡና ከአዳራሹ ኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ሳያቸው ልቤ በደስታ ዘለለ። ቲያትር አይተው እንደማያውቁ ግን ትዝ አላለኝም።

መድረክ ላይ ወጥቼ ዙፋኔ ላይ ተቀመጥኩና «ይህ ጽልመት» ብዬ ጀመርኩ። ከኋላ በአንድ ድምፅ «ጨለማ» አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ርዕሰ መምህሩ ዞረው ገላመጧቸው። አለቀልን አልኩ በልቤ። ዝም እንዲሉ በዓይኔ ብጠቅሳቸውም ልማድ ሆኖባቸዋል፤ «እኩይ» ስትመጣ ደገሙት፣ ሰዉም ሳቁን ደገመ። ይኼኔ ተናደድኩ። በሳቂው እንጂ በእነሱ አልነበረም። ከዙፋኔ ተነሣሁና ቀጣዩን ቃል ልክ እንደ አረሙ ሰልፍ በዜማ ጣልኩት። ተቀበሉኝ። ሌላ ጣልኩ፤ ተቀበሉኝ። ሳቁ እየሳሳ ሄደ፣ ሰው እየገባው መጣ። በወንድሜ ላይ ግዞት ስፈርድበት «ከቤት መራቅ» የሚለው ወፍራም ድምፅ ከኋላ ሲመጣ የሳቀ አልነበረም። ከፊት የተቀመጡት መምህራን፣ ነርሶችና ፖሊሶች አብዛኞቹ ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ ናቸው። ከዚያ በኋላ ጥሎን የወጣ ሰው አላየሁም።

ወደ መጨረሻው ስንቃረብ ግን ውጪ የአይሱዙ ጡሩምባ ተሰማ። ሳሉጎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሽማግሌው እጃቸውን አንሥተው ተሰናበቱኝና፣ እየተከታተሉ ወጡ። እኔ የንግሥቲቱን የመጨረሻ ንግግር ለባዶ ግድግዳ ልናገር ነው። የወንድሟን ልብስ ታቅፌ ወደ መድረኩ ጫፍ ቀረብ አልኩ።

«ወንድሜ ሆይ፣ አንተ የሌለህበት ቤተ መንግሥትም ግዞት።»

እንደ ልማዴ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ። ተቀባዬ ግን ሄዷል። የንግሥቲቱ ይሁን የራሴ አላውቅም፣ እንባዬ ወረደ።

«ከቤት መራቅ» አለ አንድ ድምፅ ከፊት ወንበር።

ርዕሰ መምህሩ ነበሩ። መሬት መሬት ያያሉ። ከኋላቸው ነርሷ፣ ፖሊሱ፣ ነጋዴው፣ እናቴ፣ አዳራሹ በሙሉ ተቀበለ።

ሲያልቅ ርዕሰ መምህሩ ወደ አማርኛ መምህራችን ሄደው ጨበጧቸው። ምስጋና የሚያውቁበት ሰው አልነበሩም።

«የሚቀጥለው ረዘም ይበል» ብለው ብቻ ወጡ።

በቀጣዩ ክረምት ውሃ ተሸክሜ ወደ አረሙ ስወርድ ሽማግሌው ከሰልፉ መሐል ቀና አሉ። ሰላምታም አላስቀደሙ።

«ያቺ ንግሥት መጨረሻዋ እንዴት ሆነ?»

ሌላውም ሁሉ ሥራውን አቁሞ ያየኛል። ዓመቱን ሙሉ ይህን ጥያቄ ይዘው ነው የከረሙት። ውሃውን አስቀመጥኩ፣ ከጎናቸው ተሰለፍኩና ካቆሙበት ቦታ አወረድኩላቸው።