አራት ሰንሰለትና ሁለት ሰ

የሳሙና ፋብሪካው ሰው ሁሉ «ጋሼ ቁልፍ» ነው የሚላቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት መጋዘን የጠበቀ ሰው ሌላ ምን ይባላል? ቡሎን በሏቸው፣ ኩሽኔታ በሏቸው፣ መብራት አጥፍታችሁ ብትልኳቸው እንኳ በእጃቸው ዳስሰው ያመጡላችኋል። እኔ ስንት መጋዘን ገብቼ ወጥቻለሁ! እንዲህ ያለ ሰው ግን አላየሁም፤ እኔ አላየሁም ማለት ደግሞ የለም ማለት ነው።

ዕቃው የሚመዘገበው ጠርዙ በተበላ ደብተር ነበር። ከዚያ ይሄ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ሁለት ዲግሪ አለው አሉ። ቢኖረውስ? የሚጮኸው ባዶ በርሜል ነው። ሲመጣ ሲስተም የሚሉትን የኮምፒውተር መዝገብ ይዞ መጣ። «ከእንግዲህ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ፋብሪካውን በሙሉ አየዋለሁ፤ ምን እንደምንገዛ፣ ምን እንደምናቆም ሲስተሙ ይነግረኛል» አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ መጋዘን ደጃፍ አልደረሰም። ጫማው ይቆሽሻላ! ጫማውን ብታዩት ጺም የምትላጩበት መስታወት ነው። አንድ ዘመዴ እንዲህ ያለ ጫማ ገዝቶ፣ ጭቃ አለ ብሎ የገዛ እናቱን መጠየቅ ተወ። እሱን ተዉት፣ ወሬዬን ያስረሳኛል።

አንድ ቀን ጠዋት የሳሙናው ማጓጓዣ ሰንሰለት ተበጠሰ። ማሽኑ ቆመ፣ ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ሲስተሙ ላይ «ሰንሰለት» ብሎ ጻፈ። ዜሮ አለው። ጋሼ ቁልፍ እስከ ዛሬ ያልተዉት ደብተር ግን አራት ይላል አሉት። አስጠራቸው።

«ጋሼ፣ አራቱ ሰንሰለት የት ገባ?»

«የት ይገባል? ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ነዋ።»

«ሲስተሙ የለም ይላል።»

«ወርደህ እየዋ።»

«ምን አወረደኝ? እዚሁ ሆኜ ይታየኛል። ሲስተም አይዋሽም፣ የሚዋሸው ሰው ነው። እስከ ምሳ ካላመጣህ፣ አጥፍቷል ብዬ ስምህን ለበላይ እጽፋለሁ። ሠራተኛውም አዲስ እስኪገዛ አንድ ወር ቤቱ ይቀመጥ።»

ሌባ! ሠላሳ አንድ ዓመት አንዲት ቡሎን በኪሳቸው ይዘው ያልወጡ ሰውዬ፣ በስተርጅና ሌባ ተብለው ሊሸኙ!

ወረዱና አንዱን ሰንሰለት በትከሻቸው ተሸከሙ። እያለከለኩ ደረጃውን ወጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት።

«ይኸው። ሦስቱ እዚያው ተጋድመዋል።»

ሰው ቢሆን ያፍር ነበር። ይሄ ግን ሰንሰለቱን ትቶ ስክሪኑን አየ።

«ይሄማ የኛ አይደለም። የኛ የለም ተብሏል። ከየት አመጣኸው? ደግሞስ ያለ ወጪ ትእዛዝ ማን አውጣ አለህ? በል ቁልፉን አስቀምጥ።»

እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ አሉ! አፍንጫው ሥር የተዘረገፈውን ብረት የለም የሚል ፍጡር ምን ይባላል? ጋሼ ቁልፍ ቁልፉን ሰንሰለቱ አጠገብ አስቀመጡ።

ይሄኔ ጥግ ላይ የተቀመጠችው ጸሐፊ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ጌታዬ፣ በየትኛው ሰ ነው የፈለጉት?»

«ሰ ሰ ነው! ስንት ሰ አለ?»

«ሁለት። እሳቱ ሰ አለ፣ ንጉሡ ሠ አለ።»

ተነስታ በንጉሡ ሠ ጻፈችው። «ሠንሠለት፣ አራት፣ ሦስተኛ መደርደሪያ» ብሎ ቁጭ አለ።

«ማን ነው እንዲህ አድርጎ ያስገባው?» ብሎ ጮኸ።

«እርስዎ» አለች፣ ስሙን በጣቷ እያሳየች። ሲስተሙ የተመረቀ ዕለት፣ እንግዳ ፊት፣ አመዘጋገቡን ላሳያችሁ ብሎ የጻፈው እሱው ነው። ንጉሡ ሠ ግርማ ሞገስ አላት ብሎ ይሆናላ!

ያፈረ መሰላችሁ? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፤ «የፊደሉ ችግር ነው» አለ። «በቃ ጋሼ፣ አሁን ሲስተሙ አለ ብሏል። ቁልፍህን ውሰድና ሰንሰለቱን ለመካኒኩ አውርድለት።»

«እኔ? እኔማ ሌባ ነኝ፤ የፋብሪካ ንብረት አልነካም። በስክሪኑ ላከው።»

ስልኩ ጮኸ። የበላይ አለቃው ነው፣ ማሽኑ ለምን ቆመ እያለ። ጸሐፊዋ ወደ መስኮቱ ዞራ ሳቋን ዋጠች። ሥራ አስኪያጁ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ፣ ያንን በቅባት የጠቆረ ሰንሰለት በነጭ ሸሚዙ ላይ አዝሎ፣ በመስታወት ጫማው እየተንሸራተተ ወረደ። ጋሼ ቁልፍ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ተከተሉት።

መካኒኩ ሰንሰለቱን ተቀብሎ፣ «ማያያዣዋስ?» አለ።

ማያያዣዋ ጥፍር የምታክል ብረት ናት። ሥራ አስኪያጁ ቁልፉን ይዞ መጋዘን ገባ፤ ስንት መቶ ሣጥን መሐል ሲዞር ቆይቶ፣ ባዶ እጁን ላብ በላብ ሆኖ ወጣ።

«ጋሼ፣ እባክህ...» ብሎ ቁልፉን ዘረጋላቸው።

«መጀመሪያ ሰንሰለቱን ማን እንዳጠፋው ንገራቸው» አሉ፣ ማሽኑን ከብቦ ወደቆመው ሠራተኛ እየጠቆሙ።

«ጋሼ አላጠፋም» ብሎ አጉረመረመ።

«ከኋላ ያሉት አልሰሙህም።»

«ጋሼ አላጠፋም! እኔ ነኝ በሌላ ሰ የጻፍኩት!»

«በየትኛው ሰ?» አለ ከሳሙና ቆራጮቹ አንዱ፤ ፋብሪካው በሳቅ ፈነዳ።

ጋሼ ቁልፍ አልሳቁም። ቁልፉን ተቀበሉት፣ ቅባቱን በጋውናቸው ጫፍ ጠረጉት። ገብተው፣ መብራቱን እንኳ ሳያበሩ፣ ማያያዣዋን በሁለት ጣት ይዘው ወጡ።