ሥራ ላይ የነበረው ቅቤ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ጽጌ እዚሁ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር የምታስተዳድረውን ክሊኒክ ላሳይሽ ብላ ወሰደችኝ። ለአራሶች ክፍል አዲስ ኮርኒስ እየተገጠመ ነበር። ወጣቱ መሐንዲስ አንዱን ሰሌዳ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ውስጡ ሰም የመሰለ ነገር አለበት። ቀን ሲሞቅ ሰሙ እየቀለጠ የክፍሉን ሙቀት ይጠጣል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እየረጋ የጠጣውን ይተፋል፣ ኤርኮንዲሽነሩም ብዙ አይለፋም አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ልጁ ያፌዝኩበት መስሎት ክው አለ፤ እኔን ያሳቀኝ ግን አባቴ ነበር።

አባቴ ከድሬዳዋ በባቡር የሚመጣለትን ቅቤ በትልልቅ ጣሳ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ገዢ ከመጣ ለዓመት በዓል ያስቀመጥነውን ሳይቀር አውጥቶ ይሸጠዋል። እናቴ፣ ይኼ ሰው ደህና ገዢ ካገኘ እኛንም አይምረንም ትል ነበር።

ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ታላቅ እህቴ አልማዝ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እንደ ወጉ እኛ ቤት መጣች። ጽጌ ሚያዝያ ላይ፣ ወሯ ሳይሞላ ተወለደች። እፍኝ የማትሞላ ልጅ ነበረች። ቀትር ላይ የቆርቆሮው ጣሪያ ሲግል ጡት አልይዝ ትላለች፤ ታለቅስና በመጨረሻ ለማልቀስም አቅም ታጣለች። ሐኪሙ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ካላገኛችሁላት እፈራላታለሁ አለ። ጅቡቲ ውስጥ ቀዝቃዛ ቦታ ከየት ይመጣል? እናቴ ደግሞ በዚያ ወበቅ፣ አራስ ብርድ ይመታታል ብላ በርና መስኮቱን ጥርቅም አድርጋ ትዘጋለች።

አንድ ቀን ለአልማዝ ገንፎ ቅቤ ላመጣ ወደ አባቴ መጋዘን ገባሁ። እዚያ ግድግዳውን ተደግፈው እስከ ጣሪያው የተደረደሩት ጣሳዎች መሐል ሰውነቴ ዘና አለ። ቁጭ አልኩና መነሣት ከበደኝ። አባቴ ስለ ስንፍናዬ ሊቆጣኝ ገባ፤ ትንሽ ቆሞ አየሩን አዳመጠ፤ ከዚያ እሱም አጠገቤ ተቀመጠ። ጣሳውን ስንከፍት ቅቤው ገና መላላት መጀመሩ ነው።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ እናቴም ተስማማችና አልማዝ ከነልጇ መጋዘን ገባች። የመጀመሪያው ቀን ጽጌ ጠብታ እንቅልፍ አገኘች። በሦስተኛው ግን ክፍሉ እንደ ሌላው ቤት ጋለ። ቅቤው ዘይት ሆኖ ፈስሷል። ለካ እናቴ ሌሊቱን ሁሉ ለአራሷ ብላ መስኮቱን ስትዘጋ ቅቤው የሚረጋበት ነፋስ አላገኘም። ክፈች አትክፈች ጭቅጭቅ ተነሣ። በኋላ ያስታረቃቸው አባቴ ነው፦ አራሷ ሌሊት እልፍኝ ትተኛ፣ ንፋሱ ቅቤውን ይምታው አለ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ መጋዘኑን እንከፍታለን፤ ረፋዱ ላይ ዘግተን እናትና ልጅን እናስገባለን። ጽጌ ቀትር ላይ ጡት መያዝ ጀመረች።

በዚያው ሰሞን ለመርከቦች ስንቅ የሚያቀርብ ሰው መጥቶ ያለውን ቅቤ በሙሉ ልውሰድ አለ። እናቴ ሳህኑን እጇ ላይ እንደያዘች አባቴን አፍጥጣ አየችው። እኔ፣ አሁን ልጅቷ አለቀላት አልኩ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ቅቤው ሥራ ላይ ነው። ልጅቷ ስትጠና ና» አለው። ሰውየው ግራ ገብቶት ሄደ፤ ተመልሶም አልመጣ።

ሰኔ ሲገባ ሌሊቱም እንደ ቀኑ ሆነና ቅቤው መርጋቱን ተወ። እስከዚያ ግን ጽጌ ጉንጯ ሞልቶ ነበር። ሲቀልጥ ሲረጋ የከረመው ቅቤ ሸተተና ገበያ አጣ። የሰፈሩ ሴት እየሳቀ ፀጉሩን ተቀባበት። እኛ ቤት ለዓመታት ሲወራ የኖረው ይኸው የቅቤው ሽታ ነው፤ አባቴም አብሮ ይስቅ ነበር። ስለ ገዢው ግን ማንም አላነሣም።

ይህን ሁሉ ክሊኒኩ ውስጥ ቆሜ አወራሁ። መሐንዲሱ ቅቤው በስንት ዲግሪ እንደሚቀልጥ ጠየቀኝ፤ አላውቅም አልኩት። ጽጌ ሰሌዳውን ከእጄ ተቀበለች። አያቷ የሞተው እሷ ነፍስ ሳታውቅ ነው፤ ስለ እሱ ስትሰማ ያደገችውም የንግድ ፍቅሩን ብቻ ነው።

«አያቴ ገዢ መለሰ?» አለችኝ።

«አንድ ጊዜ» አልኳት። «ላንቺ ብሎ።»