የነብር ቆዳ የለበሰው ትራም ነጂ

ቪልፍሪድ ሉኩሳ እዚሁ ቤልጂግ፣ ኦስተንደ ከተማ ተወልዶ ያደገ፣ ሃያ ስድስት ዓመት በባሕሩ ዳር ትራም፣ ያው የከተማ ባቡር፣ የነዳ ሰው ነው። አባቱ ከኮንጎ የመጡ የመርከብ መካኒክ ነበሩ፤ እሱ ግን ኮንጎን የሚያውቃት በካርታ ነው።

አንድ የብስኩት ኩባንያ ለማስታወቂያ «እውነተኛ የአፍሪካ ሰው» ይፈልጋል ሲባል ባልደረቦቹ እሱን ጠቆሙ። ስቱዲዮ ሲደርስ የነብር ቆዳና ከበሮ ጠበቁት።

«ከበሮ አልችልም» አለ። «አኮርዲዮን ከሆነ እሞክራለሁ።»

«ግድ የለም፣ ደምዎ ውስጥ አለ» አለችው ማስታወቂያውን የምትሠራው ማሪካ። «ደግሞ እንደ ቤትዎ ያውሩ።»

«እንደ ቤቴ እኮ ነው የማወራው። ቤቴ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ነው።»

ሃያ የስቱዲዮ ሠራተኛ ቆሞ ይጠብቀዋል። የሰው ሥራ ማስተጓጎል ከብዶት ቆዳውን ለበሰ፤ ከበሮውን መታ፤ ሳቅ ሲሉትም ሳቀ።

ሲጨርሱ ማሪካ ቅጽ አቀረበችለት። ኩባንያው ኃላፊነት የሚሰማው ስለሆነ፣ ማስታወቂያው ማኅበረሰቡን እንደማያስቀይም አንድ አባል መፈረም ነበረበት።

«የትኛውን ማኅበረሰብ?»

«ያው... የእናንተን።»

«የትራም ነጂዎችን?»

ማሪካ ፊቷ ቀላ። ቪልፍሪድ ብዕሩን ተቀብሎ «ትራም ነጂዎችን አያስቀይምም። እኔን ግን አስቀይሞኛል» ብሎ ጻፈና ፈረመ። እሷ ፊርማውን ብቻ አይታ ፋይሏ ውስጥ ከተተችው።

በወሩ ፎቶው ትራሞቹ ላይ ተለጠፈ፤ እሱ የሚነዳውም አልቀረም። ሦስት ሳምንት የራሱን ፎቶ ይዞ ዞረ።

«የውጪው አንተ ይሻላል፣ ቢያንስ ይስቃል» እያለ ይተርበው ነበር ባልደረባው ዮሪስ። ቪልፍሪድም አብሮ ይስቅ ነበር። አንድ ቀን ግን በእሱ ትራም አሥር ዓመት የተመላለሱ ጡረተኛ ፎቶውን አይተው ገቡና «ለመሆኑ ከየት ነው የመጣኸው?» አሉት።

«ከመጨረሻው ፌርማታ» አላቸው። ያን ዕለት ከሥራ ሲወጣ ለማስታወቂያ ተቆጣጣሪዎች አቤቱታ ጻፈ።

ተቆጣጣሪዎቹ ጉዳዩን ለመስማት ሲሰበሰቡ የኩባንያው ጠበቃ «ራሱ ፈርሟል» እያለ ቅጹን ከፍ አድርጎ አሳየ። ሰብሳቢዋ ተቀብለው ጮክ ብለው አነበቡት። ጠበቃው ቁጭ አለ። ማስታወቂያው በሳምንቱ ተነሣ።

ብዙም ሳይቆይ ማሪካ ደወለች። ኩባንያው የይቅርታ ማስታወቂያ ሊሠራ ነው።

«እኔ ምን ላድርግ?»

«ምንም። አዝነው ይቀመጡ ብቻ።»

«ተረኛ ነኝ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ከብራስልስ አንድ ተዋናይ አምጥተው በእሱ ምትክ አሳዘኑት። የይቅርታ ማስታወቂያውም በዓመቱ መጨረሻ በሥነ ምግባር ዘርፍ ተሸለመ።