ትራስ ስር ያለው ቢላዋ

አፀደ ከወለደች ሦስት ሳምንት ሆኗት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኗ አልዞረም። ልጁ ሲተኛ እሷ ጣሪያ ታያለች። ባሏ ወልደሥላሴ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነው፤ ቦንጋ የቀረችው ከአማቷ ከእትዬ በዛወርቅ ጋር ነው።

እንቅልፏን የነሳት ግን ናፍቆት አልነበረም። ትራሷ ስር ያለው ቢላዋ ነው። አራስ ያለ ብረት አትተኛም ብለው እትዬ በዛወርቅ ራሳቸው ናቸው ያስቀመጡት። አፀደ ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር «እጄ ቢያነሳውስ? ልጄ ላይ ቢያሳርፈውስ?» የሚል ሐሳብ ይመጣባትና ላብ ያጠምቃታል። ልጇን ከነፍሷ አብልጣ ትወደዋለች፤ የሚያስፈራትም ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለማን ይነገራል? «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብቻ አለች።

«ዓይን ነው» አሉ እትዬ በዛወርቅ፤ ማጭድ ጨመሩላት። ሲብስባት ደግሞ አልጋዋ ስር መጥረቢያ አስገቡ። ሴትዮዋ ደግ ናቸው፣ ደግነታቸው ግን ሊገድላት ነበር።

እሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል። እትዬ በዛወርቅ ነጠላቸውን እያጣፉ፣ «አይዞሽ፣ ብረቱ አለልሽ» ብለዋት ወጡ።

በሩ ሲዘጋ ልጁ ማልቀስ ጀመረ። አባበለችው፣ ጡት ሰጠችው፣ እምቢ አለ። ዓይኗ ወደ ትራሱ በሄደ ጊዜ አላስቻላትም፤ ክርስትና ያልተነሳ ልጇን በጋቢ ጠቅልላ በዚያ ዝናብና ጭቃ ወጣች። አራስ ከደጅ! ያያት ሁሉ አፉን ይዞ ቀረ።

አዳራሹ ስትገባ ሊቀመንበሩ ንግግሩን አቋረጠ። አፀደ ልጁን አማቷን አሳቅፋ እግራቸው ስር ተቀመጠች።

«ቢላዋውን ፈራሁት፣ እትዬ። እጄን ፈራሁት። ልጁን ከእኔ ያርቁልኝ።»

እትዬ በዛወርቅ ብድግ አሉ። ሊቀመንበሩ «ጓድ በዛወርቅ፣ ስብሰባው አላለቀም!» ቢላቸው ዞረውም አላዩት።

ቤት እንደደረሱ ብረቱን አንድ ሳያስቀሩ ለጎረቤት አስረከቡ። ከዚያ ልጁን አቅፈው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

«ባልሽን የወለድኩ ጊዜ ቢላዋዬን እንሰት ስር ቀብሬ፣ ለእናቴ ጠፋ አልኳት» አሉ። «ይኸው ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ለሰው ተንፍሼ አላውቅም።»

አፀደ ቀና አለች። «ታዲያ ለእኔ ለምን አስቀመጡልኝ?»

«እኔን ብቻ መስሎኝ» አሉና እንባቸው መጣ። «እኔን ብቻ መስሎኝ፣ ልጄ። ተኚ አሁን፤ ከዚህ አልነቃነቅም።»

ልጁ ለጡት እስኪያለቅስ ድረስ ተኛች።