የእንደራሴው አስተርጓሚ

ስድስተኛ ክፍል ያስተማሩኝ መምህር ለፓርላማ ሊወዳደሩ መሆኑን የነገሩኝ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ተማሪዎች ለምሳ ከወጡ በኋላ ነው። እኔ ሆሳዕና ውስጥ ትንንሾቹን ክፍሎች ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። እሳቸው ማስተማሩን ትተው አውራጃ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ገብተው ስለነበር፣ ግቢው ውስጥ ሳያቸው ልጅ ሊያስመዘግቡ የመጡ መስሎኝ ነበር። «አንቺን ፈልጌ ነው» አሉኝ።

የፈለጉት ቋንቋዬን ነው። እሳቸው ሆሳዕና ተወልደው ያደጉ የነጋዴ ልጅ ናቸው፤ ሀዲይኛቸው ግን ከገበያ ሰላምታ አያልፍም። መራጩ ደግሞ ያለው ገጠር ነው፤ ገጠሩ አማርኛ አይሰማም፣ ቢሰማም አያምንም። «የምለውን የምትነግሪልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አሉ።

እምቢ ማለት አልችልም ነበር፤ አልፈለግሁምም። ስድስተኛን ጨርሼ ሰባተኛ ልገባ ስል ለጋብቻ ተጠይቄ፣ አባቴም ሊድረኝ ተስማምቶ ነበር። ያን ጊዜ እኚህ መምህር ከከተማ ሦስት ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው ቤታችን መጡ። አባቴ አማርኛ ስለማይችል በመካከላቸው ቆሜ ያስተረጎምኩት እኔው ነበርኩ፤ የራሴን ጉዳይ፣ በራሴ አፍ። መምህሩ ትማር ብለው ሲለምኑ ያሉትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት። አባቴ «ይህ ሰው ለልጄ እንጂ ለራሱ ምንም አልለመነኝም» አለና ጋብቻውን ተወው። መምህርት የሆንኩት በዚያ ቀን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ደግሞም ፓርላማ የሚባለውን ነገር ያስተማሩን እሳቸው ነበሩ። በግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ቤት ስለው፣ በሩን ሰፊ አድርገው፣ «ሕዝብ ሁሉ እዚህ አይገባም፤ ግን አንድ ሰው ልኮ ይናገርበታል» ይሉን ነበር። እኔ ያንን አምኜ ነው ያደግሁት። የሰፈራችን ሰው ግን እንዲህ ያለ እምነት አልነበረውም። ለነሱ መንግሥት ማለት በበቅሎ የሚመጣ ሰው ነው፤ ግብር የሚያስከፍለውም፣ የሚፈርደውም፣ የሚያስረውም አንድ ዓይነት ካኪ ለባሽ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ጃንሆይ አሉ። ጃንሆይ ደግ ናቸው፤ ክፉው ከሳቸው እስከኛ ድረስ መሀል ላይ ያለው ነው። አባቴ ይህን ሲናገር እንደ ሃይማኖት ነበር። ከዚያ በፊት የነበረውን እንደራሴ ግን መልኩን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

በየገበያው ዞርን። ጃጁራ ገበያ ላይ አንድ የጭነት መኪና ቆሞ ስላገኘን ሹፌሩን ለምነን ኋላው ላይ ወጥተን ተናገርን። ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ የሚታወቅበት ሥዕል ነበረው፤ የኛ ሥዕል እንሰት ሆነ። እንሰቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሌላው ተወዳዳሪ የአንድ ትልቅ ባለርስት የእህት ልጅ ነበር፤ የሱ አንበሳ ነው። ሴቶቹ እየሳቁ «አንበሳ ማንን ያበላል፤ የሚያበላን እንሰት ነው» ሲሉ መምህሬ ምን እንዳሉ ጠየቁኝና ስነግራቸው ከልባቸው ሳቁ።

ከሁሉ የሚጠበቀው ንግግር ግን የመሬቱ ነበር። የኛ ሰፈር መሬት የመንግሥት ነው። አባቴና ጎረቤቶቹ፣ ከነሱም በፊት አባቶቻቸው ያረሱት ቢሆንም በስማቸው የተጻፈ አንድም ነገር አልነበራቸውም። የመንግሥት መሬት ለሚያርሰው ሰው በስሙ ሊሰጥ ይችላል የሚል ወሬ ደርሶናል፤ መንገዱን ግን የሚያውቅ የለም። መምህሬ እኛ ሰፈር ዝግባ ሥር ቆመው «መንገዱን እኔ አውቀዋለሁ። ከመረጣችሁኝ ማመልከቻችሁን ይዤ ራሴ እገባለሁ። ይህ መሬት በስማችሁ ሳይጻፍ እንቅልፍ የለኝም» አሉ። እኔ ደግሞ ይህንን በሀዲይኛ ስናገር ድምፄ ከሳቸው ድምፅ ከፍ ብሎ ነበር። አስታውሰዋለሁ። እጄንም አንስቼ ነበር፤ እሳቸው አላነሱም።

ማመልከቻውን የጻፍኩት እዚያው ሳምንት ነው። አሥራ አንድ አባወራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመበት። መሬቱ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ በትክክል መጻፍ አለበት ብለው መምህሬ ስለነገሩኝ ከአባቴ ጋር ዳር ዳሩን ዞርን። በምሥራቅ ወንዙ፣ በሰሜን የድሮው የከብት መንገድ፣ በደቡብ የድንጋይ ካቡ። በምዕራብ ያለው ምልክት መብረቅ ወርዶበት ግማሽ ጎኑ የተቃጠለው ዝግባ ነው። እኔም «መብረቅ መትቶት ያልሞተው ዝግባ» ብዬ ጻፍኩት። የመዝገብ ቤት አጻጻፍ እንዳልሆነ ይገባኝ ነበር፤ ግን ደስ አለኝ፣ ተውኩት።

መምህሬ አሸነፉ። ወደ አዲስ አበባ የሄዱ ቀን አባቴ ከሰፈር ሰዎች ጋር ከተማ ገብቶ መናኸሪያው ድረስ ሸኛቸው። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ መምህሬ በመስኮት ወደ እኔ ጎንበስ ብለው ማመልከቻው ያለበትን ቦርሳ መታ መታ አድርገው አሳዩኝ።

ከዚያ ዝምታ ሆነ። ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ለአንዱ መልስ መጣ። «ጉዳዩ በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል» ይላል። ለሰፈሩ ሰው አነበብኩለት፤ አመስግነው ተበተኑ። አንድ ዓመት አለፈ። ሰው ሲጠይቀኝ «መንግሥት ጋ ነገር ይዘገያል» እላለሁ። ይህ ደግሞ የመምህሬ ቃል እንኳ አልነበረም፤ እኔው የፈጠርኩት ነው።

በሁለተኛው ዓመት በጥር ወር፣ ለቅዳሜና እሑድ ቤተሰብ ጋ ሄጄ ሳለ፣ መሬት ለኪዎች መጡ። ከአካባቢው ጭቃ ሹም ጋር ሦስት ናቸው፤ ቀላዳቸውን፣ የመለኪያ ገመዱን፣ ትከሻቸው ላይ ጠቅልለዋል። አባቴ ሲያያቸው ፊቱ በራ። ሚስቱን ጠርቶ እርጎ አስመጣ፤ ሚስቱ ያልኩት እናቴ ካረፈች በኋላ ያገባትን ነው። ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። በስማችን ሊለካ ነው ብለን የድንጋይ ካቡን እያሳየን፣ እሾሁን እየመነጠርን፣ ቀላዱን በአንድ ጫፍ እየያዝን ረዳናቸው። ራሳችን ለካነው ማለት ይቀላል።

ሲጨርሱ ጭቃ ሹሙ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። ማንበብ አይሆንለትም ነበርና «መምህርቷ ታንብበው፤ በቋንቋችሁም ትንገራችሁ» ብሎ ሰጠኝ። የታተመ ደብዳቤ ነው፣ ማኅተም አለበት። ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። የመሬቱ ስፋት። ወንዙ። የከብቱ መንገድ። የድንጋይ ካቡ። ቀጥሎ «መብረቅ መትቶት ያልሞተው ዝግባ» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ፤ ማመልከቻችን አዲስ አበባ ድረስ ቃል በቃል ተነብቧል ማለት ነው ብዬ። ከዚያ በታች ያለውን መስመር አነበብኩ። መሬቱ ለአገልግሎታቸው በስጦታ ተሰጥቷቸዋል ይልና የመምህሬን ስም ይጽፋል።

አባቴ «ምን ይላል?» አለኝ። ሁለተኛ አነበብኩት። ጭቃ ሹሙ እንድቸኩል ነገረኝ። እኔም ነገርኳቸው፤ ሌላ የሚነግራቸው አልነበረም። ያንን ስም ስጠራ አንዳንዶቹ ያልገባቸው መስሏቸው እንደገና አስደገሙኝ።

ሰው አንድ በአንድ ወደ ቤቱ ሄደ። የጎረቤታችን ሚስት ብቻ ቀረች። አብራን የኖረች፣ ልጅ ሆኜ ያዘለችኝ ሴት ናት። ወረቀቱን ለጭቃ ሹሙ እስክመልስ ጠብቃ አጠገቤ መጣችና በዝግታ እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ፣ እኔ አማርኛ አልሰማም። ያ ሰው ያለውን አልሰማሁም። የሰማሁት አንቺን ነው።»



በዚያ ክረምት ፓርላማው ተዘግቶ መምህሬ ሆሳዕና መምጣታቸውን ሰማሁ። ቤታቸው ሄድኩ። ሳሎን አስገቡኝ፤ እንደ ድሮው «ልጄ» አሉኝ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቁኝ። ያደርጋሉ ብዬ የጠበቅሁት እንዲያፍሩ፣ ወይም እንዲቆጡ ነበር። አንዱንም አላደረጉም። ማመልከቻውን በእጃቸው እንዳስገቡ፣ ለሚያርሱት ይሰጥ ብለው እንዳመለከቱ፣ ሁለት ጊዜ እንደተመለሰባቸው ረጋ ብለው አስረዱኝ። ቀጥሎም መሬቱን አንድ የጦር መኮንን እንደጠየቀው መስማታቸውን ነገሩኝ።

«ከዚያስ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ከዚያ እኔ ጠየቅሁት። እሱ ቢወስደው በማግስቱ ያባርራቸው ነበር። በኔ እጅ ቢሆን ይሻላል አልኩ። ሕግ አልጣስኩም፤ የማንንም አልቀማሁም። የመንግሥት መሬት ነው።»

«ማመልከቻው ላይ የጻፍኩት ወሰን...» ብዬ ጀመርኩ።

«አዎ፣ ጥሩ ተጽፎ ነበር» አሉ። «ምንም ማረም አላስፈለገኝም።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን ሳልደብቅ ልናገር። አንድ አፍታ፣ በጣም አጭር አፍታ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። መምህሬ ጽሑፌን አመሰገኑኝ። ከዚያ ደስታዬ ራሱ አሳፈረኝና ተነስቼ ወጣሁ። ሻይ እየቀዳች የነበረችው ሚስታቸው ምን እንደሆንኩ ስትጠይቃቸው ከኋላዬ ሰማኋት።

በኔ እጅ ይሻላል ያሉት እውነት ሆኖ አንድ መከር አለፈ። አባቴና ጎረቤቶቹ የሳቸው ጭሰኞች ሆነው ግማሹን እየሰጡ አረሱ። በሚቀጥለው ዓመት መምህሬ መሬቱን ስንዴ ለሚያስዘራ የከተማ ነጋዴ አከራዩት፤ ነጋዴው ትራክተር አመጣ። የመልቀቂያው ቀን በጭቃ ሹሙ ተነገረ። እህል ቢሆን አጭዶ መሄድ ይቻል ነበር። እንሰት ግን ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፤ ያልደረሰውን ትቶ መሄድ የነገን ምሳ ትቶ መሄድ ነው። አባቴ ችግኞቹን እየነቀለ ሥራቸውን በቅጠል ጠቅልሎ በአህያ ጫነ። ትልልቆቹን መሸከም አልቻለም። የትራክተሩ ሹፌር ከዶዮገና የመጣ ወጣት ነው፤ እንሰቱ ላይ መንዳት ከብዶት ይሁን ፈርቶ አላውቅም፣ ሰዎቹ ከዓይኑ እስኪርቁ ሞተሩን አጥፍቶ ቆመ።

አሥራ አንዱ ቤተሰብ ተበታተነ። አባቴ ሆሳዕና ዳር እኔ ዘንድ ገባ። ጃንሆይ አያውቁም ማለቱን ግን አላቆመም። አዲስ አበባ ሄዶ መንገድ ላይ ተደፍቶ «አቤት» ሊል አሰበ። ሁለት ጊዜ ስንቅ አሰናድቶ ሁለቱንም ጊዜ በልመና አስቀረሁት። ትክክል ሠርቼ ይሁን አይሁን አላውቅም። እኔ በዚያ ላይ የቀረኝ እምነት አልነበረም፤ እሱ ግን የቀረው ያ ብቻ ነበር።

አዲስ ምርጫ ሲደርስ መምህሬ በድጋሚ ተወዳደሩ። ሰው ልከውብኝ ነበር፤ ሥራ ይበዛብኛል አልኩ። አንድ የሀኪም ቤት ሠራተኛ አስተርጓሚ አገኙ። ጃጁራ ገበያ ላይ ሲናገሩ ቅቤ ልገዛ ሄጄ ከሩቅ ቆሜ ሰማሁ። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ቃል አይጥልም። ሰውም ያደምጠው ነበር፤ አንዳንዱም ራሱን ይነቀንቃል።

በምርጫው ቀን ትምህርት ቤታችን የምርጫ ጣቢያ ስለነበር ቤት ዋልኩ፤ ካርድም አላወጣሁም። አባቴ ግን ማለዳ የታጠበ ጋቢውን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ ወጣ። ወደ ድሮው ሰፈር ነው የሄደው፤ ስሜ ያለው እዚያ ነው ብሎ። ከሰዓት በኋላ አቧራ ጠጥቶ ተመለሰ። እዚያ ነዋሪ አይደለህም ተብሎ ከመዝገቡ ተሰርዟል። ሆሳዕና ደግሞ አልተመዘገበም። ውኃ ሰጠሁት፤ ጠጣ።

«አባባ፣ ድምፅህን ለማን ልትሰጥ ነበር?» አልኩት።

«ለመምህሩ» አለኝ።

ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጠና ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

«ሌላው ማን እንደሆንን አያውቅም» አለ። «እሱ ቢያንስ ያውቀናል።»

አንድ ሳምንት ያህል አላነጋገርኩትም። መምህሬን እንኳ የዚያን ያህል አልተቆጣሁም ነበር። እሳቸው አሸነፉ፤ በአባቴ ድምፅ አልነበረም።