ጋሽ ቅጠል የዘጋው መንገድ

የሰው ሳሎን ውስጥ ጫካ ማብቀል ሥራው ነው። ሰፈርተኛው «ጋሽ ቅጠል» ይለዋል። ደንበኛው ነብር ካለ ነብር፣ ፏፏቴ ካለ ፏፏቴ ግድግዳው ላይ ይሥላል። አንድ ነገር ግን ሳይጠየቅ ይጨምራል፤ ከወለሉ ጠርዝ ተነሥቶ በዛፎቹ መሃል ወደ ውስጥ የሚገባ ቀጭን መንገድ። «ጠባብ ክፍል በመንገድ ይሰፋል» ይላል። እውነቱን ነው፤ ስንቱን የክብሪት ቀፎ የሚያህል ቤት ሜዳ አድርጎታል። በገዛ ቤቱ ግን ይቺው ጥበቡ ጉድ ሠራችው።

እናቱ መርሳት ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በር ክፍት ካገኙ እብስ ነው። የት ነው ሲባሉ «ጫካ» ይላሉ። ያደጉት፣ ልጆቻቸውንም ያሳደጉት ጫካ ዳር ነበር፤ ያ ጫካ ተመንጥሮ ካለቀ ስንት ዘመኑ። ለመጨረሻ ጊዜ ጠፍተው የተገኙት በባዶ እግራቸው አስፋልት መሃል ቆመው፣ የጭነት መኪና ጥሩምባ እየጮኸባቸው ነው።

የዚያን ቀን ታላቅ እህቱ ቁርጡን ነገረችው።

«ደግማ ብትጠፋ የአረጋውያን ማቆያ አስገባታለሁ።»

«እትዬ፣ በር ቆልፈው የሚያስቀምጡበት ቦታ?»

«ይቆልፉባት! ሬሳዋን ከመንገድ ከማነሣ ይሻለኛል።»

እናቱን አሳልፎ መስጠት ለእሱ ሞት ነው። የሚያውቀው ደግሞ ቀለም ብቻ። ጫካ ካማራቸው ጫካው ራሱ ይምጣላቸው ብሎ፣ የመኝታ ክፍላቸውን ግድግዳ በአራት ቀን ዱር አደረገው። የሚያስታውሰውን ዛፍ ሁሉ፣ ጦጣውን፣ ከድንጋይ ሥር የሚመነጨውን ውኃ ሳይቀር አመጣላቸው። እጁ ለምዶበት መንገዱንም ጨመረ።

እናት አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሲያዩ ዋሉ። ሳምንት ሙሉ ወደ በሩ ዞርም አላሉ። እሱን ደስታ አሰከረው፤ ለእህቱ ደውሎ ጉራውን ነዛ።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት አንድ ነገር ጓ ሲል ሰማ። ሮጦ ሲገባ እናቱ ግድግዳው ሥር ወድቀዋል፤ ግንባራቸው ተፈንክቶ ደሙ ዓይናቸው ውስጥ ይገባል። ሹራባቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አጥልቀው ነበር። በሣለላቸው መንገድ ሊሄዱ!

«ምነው እጄን በቆረጠው!» አለ። እህቱ መጥታ ቁስሉን አየች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ በተሻለው ነበር። «ቅዳሜ እወስዳታለሁ» ብላ ብቻ ሄደች።

ወዲያው መንገዱን በቁጥቋጦ ዘጋው። ቅጠል በቅጠል ላይ ደራረበበት፤ መርፌ የምታልፍበት ቀዳዳ አላስቀረም። እናትም ከዚያ ወዲያ ከአልጋ አልወረዱም። ሾርባ ሲያቀርብላቸው አፋቸውን ገጠሙ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዓይናቸውን ከቁጥቋጦው ሳይነቅሉ ጠየቁት።

«መንገዱን ማን ዘጋው?»

«ክረምት ነው እኮ፣ እማዬ። በቅሎበት ነው።»

«ታዲያ ልጄ በየት ይመጣል?»

«የቱ ልጅሽ?»

«ትንሹ ነዋ! እንጨት ልቀም ብዬ ልኬው ቀረብኝ። ወጥቼ ወጥቼ አጣሁት።»

ትንሹ እሱ ነው። ሌላ ወንድ ልጅ የላቸውም። ሁለት ዓመት ሙሉ የልጅነት አገራቸው የናፈቃቸው መስሎት ነበር፤ ለካስ በየጎዳናው የተንከራተቱት እሱኑ ፍለጋ ነው።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ! ይኸው መጣሁ እኮ!» ብሎ እጃቸውን ያዘ። የሸበተ ጢሙን አዩና እጃቸውን ቀስ ብለው አስለቀቁ።

ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ብሩሹን ይዞ ተመለሰ። መንገዱን እንደገና ከፈተው፤ መሃሉ ላይም ጭራሮ የተሸከመ፣ ፊቱን ወደ አልጋው ያዞረ ልጅ ሣለ። የልጅነት ፎቶ የለውም፤ መልኩን በግምት ሠራው። ጆሮውን ግን አልሳተም፤ የገዛ ጆሮው ዛሬም ያው እንደተገተረ ነው።

እናት ቀና ብለው አዩ። ፊታቸው በራ።

«መጣህልኝ?» አሉ ለግድግዳው። ሾርባውንም ተቀብለው እስከ ጭላጩ ጠጡ። እንግዲህ ፍለጋ የሚያስወጣቸው ነገር የለም፤ ነገ እህቱ ስትመጣ በዓይኗ ታያለች። ይህን እያሰበ ሳህኑን ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ እናቱ በትሕትና ጎንበስ አሉለት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ። ልጄ ገብቶልኛል። አሁን እርስዎም ወደ ቤትዎ ይሂዱ፤ እናትዎ በር በሩን እያዩ ይሆናል።»