የተገለበጠው ጌም

ትናንት ሞጣ አንድ ጌም ቤት ገባሁ። ማጫወቻው ተገልብጦ ተቀምጧል። ሲዲ አላነብ ሲል የሚደረግ መላ ነው፤ እኔና እህቴም ልጆች ሳለን ቢቸና እንዲሁ እናደርግ ነበር።

ገልብጠነው ሲዲው ሽር እያለ መዞር ሲጀምር፣ አያታችን ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ይመጡና በሻካራ እጃቸው ቀስ አድርገው ያቀኑታል። ጨዋታው ወዲያው ይቆማል።

«አባባ፣ ካልተገለበጠ እኮ አያነብም» ትላለች እህቴ።

«ዕቃ የሚደፋው ሰው በለቀቀው ቤት ነው። እኛ አለን አይደል?» ይሏታል።

እናኮርፋለን። ሲወጡ ጠብቀን መልሰን እንገለብጠዋለን።

ትናንት ሳላስበው እጄን ሰድጄ የሰው ማጫወቻ አቀናሁ። ጨዋታው ቀጥ አለ፤ ተጫዋቾቹ ዞረው አዩኝ።

የቢቸናው ቤታችን ከተዘጋ ቆይቷል። ማሰሮው፣ ድስቱ፣ ሁሉም እንደተደፋ ነው።